ትንፋሽ የሚያልፍበት ብረት

አርብ ገበያ የታች ጋይንት ወረዳ ዋና ከተማ ናት። በገበያ ቀን ከቆላው የሚወጣው ገበሬ ማሽላውንና ፍየሉን፣ ከደጋው የሚወርደው ገብሱንና ድንቹን ይዞ ይገናኛል። ማታ ጨው፣ ሳሙና፣ የእጅ ባትሪና አዲስ ማረሻ ተሸክሞ ይበተናል። ማረሻና ማጭድ የሚገኘው ከገበያው ዳር፣ ጭሱ ሰው በማያስቸግርበት በኩል ነው። ወናፍ የሚያናፋ ልጅ አለ፤ ከመስፉ ፊት የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ባለእጅ አሉ። ከጎናቸው የብረት ቁርጥራጭ ተከምሯል፦ ፌሮ፣ የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ፣ የበርሜል ላሜራ።

አንዲት ሴት ማጭድ አዘዘች። የሽማግሌው እጅ ፌሮውን አልፎ ባሌስትራው ላይ አረፈ። ለምን ብዬ ጠየቅኋቸው። "ፌሮ ይጎብጣል፤ ስለት አይዝም" አሉኝና ጥያቄው ራሱ ገርሟቸው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ካርቦን የሚል ቃል አላነሱም። ባሌስትራ ከፌሮ የበለጠ ካርቦን እንዳለው፣ ግሎ ውሃ ሲነካው ለዚያ ብሎ እንደሚጠነክር የሚያውቀው እጃቸው ነው።

የዚያን ቀን ወሬ ግን ከማጭድ ርቆ ሄደ። የእህታቸው ልጅ፣ ቴክኒክና ሙያ ገብቶ ቶርኖ የተማረ ወጣት፣ ስልኩን ይዞ መጣ።

"አያ፣ እስቲ ይቺን ይዩልኝ።"

ፎቶው ላይ ከቡና ሲኒ የምታንስ ግራጫ ዋንጫ፣ አጭር አንገት፣ ጥርስ የወጣለት ቀለበትና ከንፈር የሚያርፍበት ቱቦ ይታያል።

"ምን ይሠራል?"

"ቅጠል ይጨመርበትና ይሞቃል። አይነድም፤ እንፋሎቱን ብቻ ነው የሚስቡት።"

"ጋያ ነዋ!"

"ጋያ ይበሉት። የተሠራው ግን ከቲታኒየም ነው።"

"ኪሎው ስንት ነው?"

ወጣቱ አላወቀም። ሽማግሌውም ዋጋው ባልታወቀ ብረት ላይ ጊዜ ማጥፋት አልፈለጉም። እኔ ግን ፈለግሁ። የወጣቱ ታላቅ ወንድም ዴንቨር፣ ኮሎራዶ፣ ቶርኖ ቤት ይሠራል። ካናቢስ ለአዋቂዎች ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሱቅ በሚሸጥበት በዚያ ግዛት፣ ቅጠል ሳያነዱ ለሚያሞቁ ዕቃዎች ክፍል መቁረጥ እንደማንኛውም ሥራ ነው። ጥያቄውን በቴሌግራም ልኮታል። መደርደሪያው ላይ ሁለት ዓይነት የቲታኒየም ዘንግ አለ፤ አንደኛው ግሬድ 2፣ ሌላኛው ግሬድ 5። ደንበኛው "ምርጡን" ስላለ አለቃው ሁሉንም ክፍል ከ5 ቁረጥ ብሎታል። ልክ ነው?

ወደ መልሱ ከመሄዴ በፊት የአገራችንን ሕግ ላንሳ። የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ኤሌክትሮኒክ ሲጋራንና ሺሻን ከልክሏል፤ ካናቢስ ደግሞ ድሮም በወንጀል ያስጠይቃል። በሰሜኑ አገር ትምባሆ ከሕግም በፊት በእምነት የተጠላ ነው፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛ በብርቱ ቅጣት እንዳስከለከሉት ይታወቃል። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ማንም አርብ ገበያ ላይ እንዲህ ያለ ዕቃ እንዲሠራ ለማበረታታት አይደለም። የሚያጓጓኝ ጥያቄው ነው። እሳት በአንድ በኩል፣ የሰው ሳንባ በሌላ በኩል፣ መሀላቸው ብረት ሲገባ የትኛው ብረት ይግባ? ይህን ጥያቄ የጨቅላ ሕፃናት የአየር ማሞቂያ የሚሠራው መሐንዲስም ይጠይቀዋል። የሚያሳዝነው፣ ከባለእጁ ትንሽ ራቅ ብሎ ያለው በያጅ አይጠይቀውም። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ቲታኒየም ለጋይንት ባዳ አይደለም። በምድር ቅርፊት ውስጥ ካሉት ንጥረ ነገሮች በብዛት ዘጠነኛው ነው። የጋይንት ደጋ የቆመበት ጥቁር ድንጋይ ደግሞ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት ገደማ በእሳተ ገሞራ የፈሰሰ ባዛልት ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂስቶች ገዛኸኝ ይርጉና ደረጀ አያሌው ከፈረንሳይ ባልደረቦቻቸው ጋር በ1998 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የሰሜን ምዕራቡን አምባ ባዛልት የከፈሉት በምን ይመስላችኋል? በቲታኒየሙ መጠን ነው። በምዕራብ በኩል ቲታኒየሙ አነስተኛ የሆነው፣ ወደ ምሥራቅ ከፍተኛ የሆነው፣ ወደ ላሊበላ ሲቀርቡ ደግሞ ከሁሉም የበለጠው። ጋይንት በምዕራቡና በምሥራቁ መሀል ያለ አገር ነው። ገበሬው በየዓመቱ የሚያርሰው አፈር ከዚያ ድንጋይ የፈረሰ ስለሆነ፣ ማረሻው ቲታኒየም ሲፈትግ ነው የሚውለው። ምዕራብ ወለጋ፣ ጊምቢ አጠገብ ያለው የቢቂላል የብረት ክምችትም ኢልሜናይት የሚባለውን የቲታኒየም ማዕድን ይዟል።

ታዲያ ድንጋዩ ውስጥ እንዲህ ከበዛ ለምን ተወደደ? መልሱ ከኦክስጅን ጋር ያለው ፍቅር ነው። ብረትን ከድንጋዩ ለማላቀቅ ከሰልና ወናፍ ይበቃል፤ ባለእጆቻችን ለብዙ መቶ ዓመታት ያደረጉት ይህንኑ ነው። ቲታኒየም ግን ለከሰል አይበገርም። ግሎ አየር ካገኘ ኦክስጅኑን ይጠጣል፣ ናይትሮጅኑንም ይጨምራል፣ ከዚያ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል። ማዕድኑን እንግሊዛዊው ቄስ ዊልያም ግሬጎር በ1791 እ.ኤ.አ. ቢያገኘውም፣ በፋብሪካ ደረጃ ንጹሑን ብረት የማውጣት ዘዴ የተገኘው ከ150 ዓመት ገደማ በኋላ ነው። የሉክሰምበርግ ተወላጁ ዊልያም ክሮል ማዕድኑን መጀመሪያ በክሎሪን ወደ ፈሳሽ ለወጠው፣ ቀጥሎ አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ ከቀለጠ ማግኒዥየም ጋር አገናኘው። ዛሬም በአብዛኛው የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው።

ደቡብ ጎንደር ስለ ሙቀትና ብረት የራሱ ታሪክ አለው። ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ አፄ ቴዎድሮስ ያሠሩት ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ የተቀለጠው ከነሐስ ነው። ብረት ለመቅለጥ 1538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋል፤ ነሐስ ከ1000 ብዙም ሳይርቅ ይፈስሳል፣ ያን ደግሞ የጋፋት ምድጃ ቻለ። ያ መድፍ በ1867 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በዚሁ በጋይንት በኩል፣ እየተጠረገለት በሄደው መንገድ፣ በሰው ጉልበት ወደ መቅደላ ተጎተተ። ቲታኒየም የሚቀልጠው በ1668 ዲግሪ ነው፤ የሚቀለጥበትም ዕቃ አየር የሌለበት መሆን አለበት። ጋፋት ላይ ቢሞከር ኖሮ ከምድጃው የሚወጣው ነጭ ዱቄትና የንጉሡ ቁጣ ብቻ ነበር።

ወደ ዴንቨሩ ጥያቄ። አለቃው የተሳሳተው ቁጥሩን እንደ ማዕረግ በማየቱ ነው። እኛም ብንሆን ተመሳሳይ ስሕተት አያቅተንም፤ በተቃራኒው አቅጣጫ እንጂ። ቡና ላይ ደረጃ 1 ከደረጃ 5 እንደሚበልጥ የለመደ ሰው ቲታኒየም ላይም 1ን ይመርጥ ይሆናል። እዚህ ግን ቁጥሩ የመዝገብ ቁጥር ነው፤ የቅይጡን ዓይነት ይለያል እንጂ ማን ከማን እንደሚሻል አይናገርም።

ከ1 እስከ 4 ያሉት ምንም ሌላ ብረት ሆን ተብሎ ያልተቀየጠባቸው ናቸው። ልዩነታቸው በአብዛኛው የኦክስጅን መጠን ነው፤ ግሬድ 1 ቢበዛ 0.18 በመቶ፣ ግሬድ 2 0.25፣ ግሬድ 3 0.35፣ ግሬድ 4 0.40። ከዚህች ቅንጣት ልዩነት የሚመጣው የጥንካሬ ለውጥ ያስደንቃል። ግሬድ 2 ቅርጹን ላለመልቀቅ እስከ 275 ሜጋፓስካል ጫና ይችላል ተብሎ ይጠበቃል፤ ግሬድ 4 እስከ 480 ገደማ። ኦክስጅን በበዛ ቁጥር ይጠነክራል፣ የመታጠፍ ትዕግሥቱ ግን ይቀንሳል። ግሬድ 1 ስለሚለሰልስ ከላሜራ ጥልቅ ዋንጫ በማተሚያ መጫን ለሚፈልግ ሰው ይስማማል።

ግሬድ 5 ሌላ ዘር ነው፤ ወደ 6 በመቶ አሉሚኒየምና 4 በመቶ ቫናዲየም የተቀየጠበት። ጥንካሬው ከ800 ሜጋፓስካል ይዘላል፣ የግሬድ 2ን ሦስት እጥፍ ማለት ነው። የአውሮፕላን ሞተር ማራገቢያዎችና የማረፊያ እግር ክፍሎች የሚሠሩት ከእርሱና ከዘመዶቹ ነው። አፕል በ2023 እ.ኤ.አ. አይፎን 15 ፕሮን በቲታኒየም ማቀፊያ ካወጣ ወዲህ፣ ብረቱ በቶርኖ ቤት ከሚታወቀው በላይ በሞባይል ሱቅ ታወቀ። የዴንቨሩ ደንበኛም "ምርጡን" ያለው ከዚያ ሳይሰማ አልቀረም። ግሬድ 23 የሚባለው ያው ግሬድ 5 ሆኖ ኦክስጅኑ እስከ 0.13 የተቀነሰለት ነው፤ አጥንት ውስጥ ለሚቀመጥ ብረት የሚመረጠው እርሱ ነው። ሌሎችም አሉ። ግሬድ 7 ፓላዲየም ይነካዋል፣ ለአሲድ ነው፤ ግሬድ 9 ለቱቦ ይመቻል። ለዛሬው ጉዳይ አያስፈልጉንም።

አሁን ዕቃውን ክፍል በክፍል እንፍታው።

ዋንጫው ነው የሚሞቀው። ምን ጫና አለበት? ምንም። አይጎተትም፣ አይመታም፣ አውሮፕላን አይሸከምም። እዚያ ላይ የግሬድ 5 ጥንካሬ የተከፈለበት ግን የማይሠራ ጥንካሬ ነው። የሚፈለገው ሙቀትን በእኩል ማዳረስ ነው፤ ቲታኒየም ደግሞ በዚህ ከብረቶች ሁሉ ሰነፎቹ ውስጥ ይመደባል። መዳብ ሙቀት የማስተላለፍ አቅሙ ወደ 400 ዋት በሜትር በኬልቪን ነው። ንጹሑ ቲታኒየም ከ16 እስከ 22 ባለው መሀል ይገኛል። ግሬድ 5 ወደ 7 ይወርዳል። የግሬድ 5 ዋንጫ በአንድ በኩል ማሞቂያ ቢነካው አንደኛው ጎን ቅጠሉን ሲያሳርር ሌላኛው ገና ለብ አላለም። ቅጠል ሳይነድ የሚተንበት ክልል ጠባብ ነው፤ በጥቅሉ ከ180 እስከ 220 ዲግሪ። ከዚያ ካለፈ ማሞቅ ቀርቶ ማቃጠል ይጀመራል፣ ዕቃው የተሠራበት ምክንያትም አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ ዋንጫው ግሬድ 2 ይሁን። ውፍረቱም በቶርኖ አቅም የቀጠነ ይሁን፤ ወፍራም ግድግዳ ለመሞቅም ለመቀዝቀዝም ይዘገያል።

አንገቱና ከንፈር የሚያርፍበት ቱቦ ጉዳያቸው ተቃራኒ ነው። እዚያ የሙቀት ስንፍናው በጎ ምግባር ይሆናል። ግሬድ 5 ቱቦ ከዋንጫው የሚመጣውን ሙቀት ለከንፈር ቶሎ አያደርስም። ጥርስ የወጣለት ቀለበትም ግሬድ 5 ቢሆን አልቃወምም፤ ጥርሱ በቀላሉ አይበላም። ግን እዚህ ቲታኒየም አንድ መጥፎ አመል አለው፤ ከራሱ ጋር ሲፋተግ ይናከሳል። ለስላሳ ሆኖ የገባ ብሎን መሀል መንገድ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፤ በጉልበት ሲፈታ ጥርሱ ተነቅሎ ይመጣል። በሌላ ማሽን ላይ ቅባት ይፈታዋል። በዚህኛው ቅባት ማለት ሞቆ ሳንባ የሚገባ ቅባት ነው። ዘዴው ጥርሱን ሰፋ ማድረግ፣ ጠርዙን ማለስለስ፣ ወይም ብሎኑን ትቶ ሩብ ዙር ተጠምዝዞ በሚያዝ መንጠቆ መተካት ነው።

ለምን ሁሉም ግሬድ 5 አይሁን ለሚለው የመጨረሻው ምክንያት ቫናዲየም ነው። እዚህ ላይ የሚጋነን ወሬ ስለሚበዛ ረጋ ብለን እንየው። በ200 ዲግሪ ግሬድ 5 ቫናዲየሙን አይለቅም ቢባል ከእውነት አይርቅም፤ ላዩ ላይ ያለው የኦክሳይድ ቆዳ ጥብቅ ነው። ችግሩ ሰው ዕቃውን ሠሪው ባሰበው መንገድ አለመጠቀሙ ነው። በጋዝ ችቦ እስኪቀላ የሚያግሉት ሰዎች አሉ። የቀላ ብረት ከ600 ዲግሪ አልፏል። ቫናዲየም ፔንቶክሳይድ ደግሞ ወደ 690 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። ይህ ውሕድ ትንፋሽ ቧንቧን የሚቆጣ ነው፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚላቸው መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። በዚያ ሙቀት ግሬድ 2ም ከጣጣ አያመልጥም፤ ኦክስጅን ወደ ውስጡ ዘልቆ ላዩን ቅርፊት ያደርገዋል፣ ቅርፊቱ ይሰነጠቃል፣ ነጭ የቲታኒየም ኦክሳይድ ብናኝ ይረግፋል። ብናኙን በትንፋሽ መሳብ በዚያው መዝገብ ውስጥ አለ። በችቦ ለሚጋል ዕቃ የእኔ መልስ ኳርትዝ ነው፤ ቲታኒየም ይተው።

ደግነቱ ቲታኒየም ምን ያህል እንደሞቀ ራሱ ይናገራል። ሽማግሌው ባለእጅ ማጭዱን ከውሃ ካወጡ በኋላ ጫፉን አብርተው በፍም ላይ ያሞቁታል፤ ገለባ መሳይ ቢጫ ሲመጣ፣ ከዚያ ወደ ሐምራዊና ሰማያዊ ሲሄድ በዓይናቸው ይከታተላሉ። ብረት ላይ ገለባው ከ220 ዲግሪ ገደማ ይጀምራል፣ ሰማያዊው 300 አካባቢ ይመጣል። ቲታኒየምም በዚሁ ቅደም ተከተል ይሄዳል፤ ሙቀቱ ግን ከፍ ያለ ነው። ቀለሙ ቀለም አይደለም፤ እጅግ የቀጠነ ኦክሳይድ ብርሃንን ሲሰነጥቅ የሚታይ ነው። የቲታኒየም በያጆች ሥራን የሚቀበሉትና የሚጥሉት በዚሁ ነው። ብርማ ከሆነ ጥሩ፣ ገለባ ከሆነ ይታለፋል፣ ሰማያዊ ያጠራጥራል፣ ግራጫና ነጭ ዱቄት ከሆነ ተቆርጦ ይጣላል። ቆንጆ ሰማያዊ ቀለም ያለውን ዋንጫ ደንበኛ በተጨማሪ ገንዘብ ይገዛል፤ ለእኔ ግን ያ ቀለም ከፋብሪካ በኤሌክትሪክ ካልመጣ በቀር፣ "ከልክ በላይ ሞቄያለሁ" የሚል ማስታወቂያ ነው።

ቶርኖው ላይ ያለው አደጋ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። የቲታኒየም ቀጭን ፍቅፋቂ እንደ ቃጫ ይቀጣጠላል። ስለት ደንዝዞ ሲፋተግ ብልጭ ካለ፣ ከማሽኑ ሥር የተጠራቀመው ሁሉ ይያያዛል። ውሃ ማፍሰስ ያባብሰዋል፤ የጋለ ቲታኒየም ውሃውን ሰብሮ ሃይድሮጅን ያወጣል። ደረቅ አሸዋ ነው መፍትሔው። ወጣቱ ይህን ከትምህርት ቤቱ አልሰማም፤ እዚያ የሚቆረጠው ብረትና አሉሚኒየም ስለሆነ አይፈረድባቸውም። ሌላው የቆራጭ ዘይቱ ነው። አዲስ ዕቃ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሞቅ የሚሸተው ቲታኒየሙ ሳይሆን ጥርሱ ውስጥ የቀረ ዘይት ነው። በሳሙና፣ በአልኮል፣ ቢገኝ በድምፅ ሞገድ ማጠቢያ ታጥቦ፣ ባዶውን ሞቆ መሽተቱ ካላቆመ ለሰው አይሰጥም።

አሁን ወደ በያጁ። በየከተማው እንደምናየው በር፣ መስኮትና ጋሪ የሚበየድበት ቤት አርብ ገበያም አለ። እዚያ የሞቀ ብረት በእርግጥ ሳንባ ይገባል፤ ያለ ምንም ዋንጫና ቱቦ። ዚንክ የተቀባ ቧንቧ ሲበየድ ዚንኩ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ የብየዳው እሳት ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። ነጩን ጭስ የሳበ በያጅ ከሰዓታት በኋላ፣ ማታ ቤቱ ገብቶ፣ ይበርደዋል፣ ያንቀጠቅጠዋል፣ አፉ ብረት ብረት ይለዋል። ወባ ነው ብሎ ይተኛል። በሁለት ቀን ይለቀዋል፤ ስለለቀቀው ይረሳዋል፤ ደግሞ ይበይዳል። ከጥንት የወረደ ምክር አለ፣ ወተት ጠጣ የሚል። ወተቱ ሆድ ይገባል፣ ጭሱ የገባው ግን ሳንባ ነው። የሚረዳው ዚንኩን ከመበየዱ በፊት በሞረድ ወይም በዲስክ መግፈፍና ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል መቆም ነው። ለዴንቨሩ ዋንጫ ይህን ሁሉ ስንጨነቅ ለበያጁ ማንም አይጨነቅም፤ ይህን ጽሑፍ ከጀመርኩ በኋላ ያናደደኝ ነገር እርሱ ነው።

ቤት ውስጥ ደግሞ መታጠን አለ። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲገባ የባሕር ዛፍ ቅጠል፣ ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርት በድስት ተፈልቶ፣ ጋቢ ተከናንቦ ያልታጠነ ቤተሰብ ጥቂት ነበር። ደጋ ላይ፣ 3000 ሜትር ከፍታ አካባቢ፣ ውሃ የሚፈላው ወደ 90 ዲግሪ ላይ ነው። በዚያ ሙቀት ድስቱ አሉሚኒየም ይሁን ስቴንለስ ወይም ሸክላ በእንፋሎቱ ላይ ለውጥ የለውም፤ የብረቱ ዓይነት የማያሳስብበት ቦታ እዚህ ነው። የሚያሳስበው ድስቱ መገልበጡ ነው። በጋቢ ሥር የተከናነበ ሕፃን የፈላ ውሃ ጭኑ ላይ ሲደፋበት የሚደርሰው ቃጠሎ ከጉንፋኑ ይብሳል።

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ያለው መሣሪያ ሥራው የመታጠን ዘመድ ነው፤ ጥንቃቄው ግን የሰማይና የምድር ያህል ይርቃል። መተንፈስ ላቃተው ጨቅላ የሚሰጠው አየር ወደ 37 ዲግሪ ሞቆ፣ እርጥበት ጠግቦ ነው መግባት ያለበት፤ ደረቅና ቀዝቃዛ ከሆነ የትንፋሽ መንገዱን ያቆስለዋል። ማሞቂያው ላይ የሚቀመጠው የውሃ ዕቃ ሥሩ ብረት፣ ላዩ ፕላስቲክ ነው። በአየሩ መንገድ ላይ ያለ ነገር ሁሉ ምን ብናኝ፣ ምን ጋዝ፣ ምን በውሃ የሚሟሟ ነገር እንደሚለቅ የሚመረመርበት ዓለም አቀፍ ደረጃ አይኤስኦ 18562 ይባላል፤ መጀመሪያ የወጣው በ2017 እ.ኤ.አ. ነው። የሚመረመረው የብረቱ ስም ሳይሆን፣ ተሠርቶ፣ ታጥቦና ሞቆ ያለቀው ዕቃ ነው። የዴንቨሩ ደንበኛ "ምርጡን" ከማለት ይልቅ ያንን ፈተና ቢጠይቅ ይሻለው ነበር።

ሆስፒታል ከገባን አይቀር፣ ቲታኒየምን በጭፍን ለሚወዱ የምነግረው አለኝ። ግፊት ባለው ንጹሕ ኦክስጅን መስመር ላይ የትኛውም ግሬድ አይገባም። ኦክስጅንን በመውደዱ ቆዳ አብቅሎ ከዝገት የሚጠበቀው ብረት፣ ቆዳው በተጫረበት ቅጽበት ግፊት ያለው ኦክስጅን ካገኘ ራሱ ነዳጅ ይሆናል። የኦክስጅን ሲሊንደር ራስ ላይ ያለውን ቫልቭ አስተውሉ፤ ናስ ነው። ርካሽ፣ ከባድ፣ ማንም የማያወራለት ናስ፤ የሰው ሕይወት በሚታመንበት ቦታ ቲታኒየምን ያሸነፈ። የሕክምና መሣሪያ ጠጋኝ ሆኖ "የተሻለ ብረት" ብሎ የቫልቭ ክፍል በቲታኒየም የሚተካ ሰው ቢገኝ ከእጁ መቀማት ነው።

ዴንቨር ላለው ወንድም የላክነው መልስ አጭር ነበር። ዋንጫው ግሬድ 2፣ አንገቱና ቀለበቱ ግሬድ 5፣ ሻጩ ደግሞ የፋብሪካውን የምስክር ወረቀት ከነቅልጥ ቁጥሩ ያምጣ። ወጣቱ የመጨረሻዋን አልወደዳትም። "ወረቀት ምን ያደርጋል፤ በመሣሪያ ይለካዋላ" አለ። መሣሪያው በእጅ የሚያዝ የኤክስሬይ መለኪያ ነው፤ ብረቱን ነክቶ ውስጡ ምን እንዳለ በሰከንዶች ይናገራል። ግሬድ 5ን ከግሬድ 2 ይለያል፤ ቫናዲየሙ ይታየዋል። ግሬድ 1ን ከግሬድ 4 ለመለየት ግን ከንቱ ነው፤ ልዩነታቸው ኦክስጅን ነው፣ ያ መለኪያ ደግሞ ኦክስጅን አያይም። ለዚያ ናሙናውን አቅልጦ ጋዙን የሚለካ ላቦራቶሪ ያስፈልጋል፤ ቢያንስ የጥንካሬ መለኪያ።

ወረቀቱም ቢሆን በጭፍን አይታመንም። በሰኔ 2024 እ.ኤ.አ. በቦይንግና በኤርባስ አውሮፕላኖች ክፍሎች ውስጥ የሐሰት ሰነድ የያዘ ቲታኒየም መግባቱ ተሰምቶ፣ የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ምርመራ ከፍቷል። ክፍል አምራቹ ስፒሪት ኤሮሲስተምስ ሰነዶቹ ሐሰት መሆናቸው እንደተደረሰበት ብረቱን ከምርት አውጥቶ ከአንድ ሺህ በላይ ፈተና እንዳደረገበት ተናግሯል። የዓለም ትልልቆቹ አውሮፕላን ሠሪዎች በወረቀት ከተሸወዱ፣ ዴንቨር ያለች ትንሽ ቶርኖ ቤት ወረቀቱንም መለኪያውንም መጠየቋ ጥርጣሬ በዛባት አያሰኝም።

ወንድምየው በማግሥቱ መለሰ። አለቃው ዋንጫውን በግሬድ 2 ለመቁረጥ ተስማምቷል፤ ምክንያቱ ግን የእኛ ማብራሪያ አልነበረም። ግሬድ 2 ይረክሳል።